የቁራሽና የማጥቀሻ ታሪክ፤ ከአንኮበር ግብር አዳራሽ እስከ ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር

የምህንድስና ታሪክ ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድመው የሚመጡት ድልድዩ፣ ግድቡ፣ የባቡር ሐዲዱና ፋብሪካው ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሰው ልጅ እሳትን፣ ውሃን፣ ቅባትንና እህልን በልክ ማዋሐድ የተማረው በማእድ ቤት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ይህ ትምህርት ለብዙ ትውልድ በእናቶች እጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ በጽሑፍ የሰፈረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሰፊ ታሪክ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዞ ይነሣል፤ ይኸውም በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ የሚያልቀው ጥብስ ቁራሽና ከጎኑ የሚቀርበው ማጥቀሻ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ በመንገዱ ዳርና በየሻይ ቤቱ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ ትኩስ ትኩሱ ይሸጣል። በባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ ከተሞች ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም አይሁድ፣ ያስፋፉት «ዴሊ» የሚባል የሥጋና የዳቦ መደብር አለ። የዚያ መደብር ሳንድዊች በጨው የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና አይብ የያዘ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን ይኸው ሁሉ ተከታትፎና ተድቦልቡሎ፣ በሊጥ ወይም በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ፣ በዘይት እየተጠበሰ ከሰናፍጭ ጋር ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርብ መቅመሻ ሆኗል።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ኑግንና ሱፍን ከጥንት ጀምሮ በሚያውቅ አገር፣ ማጥቀሻንም ከማንም በማያንስ ጥበብ በሚያዘጋጅ ሕዝብ ዘንድ፣ በብዙ ዘይት ተነክሮ የሚጠበስ ቁራሽ ለምን ዘግይቶ ገባ? መልሱ በጣዕም ምርጫ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በዘይት፣ በማገዶ፣ በሰው ጉልበትና በመንገድ ታሪክ ውስጥ ነው።

የአንኮበር ገበታ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በተለይም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በነገሡት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ የግብር ሥርዓቷ በእንግዶች ሁሉ የሚደነቅ ነበር። በ1833 ዓ.ም. በሻለቃ ኮርንዎሊስ ሐሪስ መሪነት የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን እስከ 1835 ዓ.ም. በሸዋ ሲቆይ ያየውን ጽፏል። በዚያው ጊዜ ወደ አንኮበርና አልዩ አምባ የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተንም ስለ እንጀራው አጋገርና በበርበሬ ስለሚሠራው ድልህ ሳይቀር በመጽሐፉ አትቷል።

ከአንኮበር ሥር የምትገኘው አልዩ አምባ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከአሳል ሐይቅ የሚጫነው ጨው በአፋር ግመሎች ተጭኖ በረሓውን አቋርጦ እዚያ ይደርሳል። ከደጋው እህልና ቅቤ ይወርዳል፤ ከቆላው በርበሬና ጥጥ ይወጣል። ስለዚህ የአንኮበር ማእድ ቤት የሦስት አየር ጠባይ ፍሬ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር።

የዴሊው ሳንድዊች በአራት ነገሮች የቆመ ነው፤ እህል፣ ሥጋ፣ ኮምጣጣና የሚለበልብ ቅመም። እነዚህ አራቱ በአንኮበር ግብር ገበታ ላይ ሳይጎድሉ ይገኙ ነበር። ልዩነቱ በአቀራረባቸው ነው። እንጀራው እህልም ኮምጣጣም ነው፤ በእርሾ ኃይል ስለሚቦካ ሌላ የኮመጠጠ ጎመን አያሻውም። ብርንዶው ሥጋ ነው። አዋዜው የሚለበልበው ነው። በላተኛውም በእንጀራ ጠቅልሎ፣ በአዋዜ አጥቅሶ ሲጎርስ፣ አራቱን ነገር በአንድ ቁራሽ አዋሕዶ ይበላል። ስለዚህ በመዳፍ የሚያዝ፣ ሁሉን በአንድ የሚይዝ ቁራሽ ለሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እንግዳው ነገር በዘይት ማጥለቁ ብቻ ነው።

ከገበታው በስተጀርባ ግን ከባድ የጉልበት ዋጋ ነበረ። ለግብሩ የሚያስፈልገው ዱቄት ሁሉ የሚገኘው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ሌሊትና ቀን በሚፈጩ ሴቶች ክንድ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ደሜጥሮስ የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ ግንበኛ በአንኮበር አካባቢ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ወፍጮው እህል መፍጨቱ ባይካድም፣ ያለ ሰው እጅ የሚዞረው ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ ስለ ተወገዘ ሥራ ፈትቶ ቀረ። በዚህም ምክንያት የሴቶቹ ጉልበት ብዙ ዓመት ያለ ረዳት ቀጠለ። ምናልባትም በሰሜን ሸዋ ምድር ከተመዘገቡት የቴክኒክ ሙከራዎች ሁሉ በማእድ ቤት ላይ ከፍተኛ ለውጥ ሊያመጣ ይችል የነበረው ይህ ነው። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እንኳ በታሪክ ስሙ የሚነሣው በድልድይ፣ በውሃ ቧንቧና በባቡር ሐዲድ ነው እንጂ በወፍጮና በምድጃ አይደለም።

ስንቅና ዳቦ ቆሎ

የትንሹ ቁራሽ ጥንታዊ መልክ የሚገኘው ከግብር አዳራሹ ይልቅ በዘማች ስልቻ ውስጥ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ዘማች ስንቁን ከቤቱ አዘጋጅቶ ይወጣ ነበር። የሸዋ ሠራዊት በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምት የተጓዘበት መንገድ ርዝመትና ጊዜ ሲታሰብ፣ የማይበላሽ፣ የማይከብድና ያለ እሳት የሚበላ ምግብ ማዘጋጀት ምን ያህል ወሳኝ እንደ ነበረ ለመረዳት አያዳግትም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከአንድ መርሕ የመነጨ ነው፤ እርጥበትን ማስወገድ። ገብስ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል፤ በሶ በቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ሥጋ ተዘልዝሎና በቅመም ታሽቶ ሲደርቅ ቋንጣ ይሆናል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የገብስ አገር በመሆናቸው በሶውና ጭኮው የዚያ ደጋ ዋና ስንቅ ሆነው ኖረዋል። ከእነዚህ ጋር የሚቆጠረው ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለተነሣው ርእስ ከሁሉ የቀረበ ነው።

ዳቦ ቆሎ የስንዴ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት ቅባትና እንደ ፍላጎት በበርበሬ ወይም በስኳር ተለውሶ፣ ጠንከር ብሎ ከታሸ በኋላ በመዳፍ እንደ ገመድ ተድጦ፣ በሽንብራ መጠን ተቆራርጦ በምጣድ ላይ እየተማሰለ የሚቆላ ነው። መጠኑ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ሲሰርጽ የሚወስደው ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሊጥ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ይልቅ እስከ ውስጡ ለመብሰል 9 እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ሊጡ በሽንብራ መጠን ሲቆረጥ ውጪው ሳያር ውስጡ ይደርቃል፤ ማገዶ ይቆጠባል፤ ምግቡም ለሳምንታት ይቆያል። ይህን ሕግ በቀመር የጻፈው ባይኖርም፣ በጣቶቻቸው ለክተው ያወቁት ሴቶች ግን ብዙ ነበሩ።

ማጥቀሻው

ቁራሽ ደረቅ ሲሆን ማጥቀሻ የግድ ይሆናል። በሸዋ ደጋ የማጥቀሻ ዓይነቶች ሦስት ታላላቅ ቤተሰቦች አሏቸው፤ የበርበሬው፣ የሰናፍጩና የባቄላው።

በርበሬ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ መለያ ቢሆንም የዘሩ መነሻ አሜሪካ ነው። ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው ከ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ስለዚህ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደብረ ብርሃንን ሲቈረቍሩ በግብራቸው ላይ ቀይ አዋዜ ሊኖር አይችልም ነበር። በዚያን ዘመን ምላስን የሚለበልበው ነገር ሰናፍጩ፣ ዝንጅብሉ፣ ቁንዶ በርበሬውና የመሳሰለው ነው። አዋዜ በመሠረቱ የደቀቀ በርበሬ ከጨውና ከቅመማ ቅመም ጋር በውሃ፣ በጠጅ ወይም በአረቄ ተለውሶ የሚሠራ ነው። ጨውና አልኮሉ ጣዕም ከመስጠታቸው ሌላ እንዳይበላሽ ይጠብቁታል።

ሰናፍጭ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻ ነው። የሰናፍጭ ፍሬ ሳይደቅቅ ቢቀመስ እምብዛም አያቃጥልም። በፍሬው ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የቅመሙ መነሻ የሆነ ንጥረ ነገር፣ ሁለተኛው እርሱን የሚሰብር ኤንዛይም ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ሁለቱ ተገናኝተው ወደ አፍንጫ የሚወጣውን ኃይለኛ ቅመም ይፈጥራሉ። ውሃው የፈላ ከሆነ ግን ኤንዛይሙ ይሞታል፤ ሰናፍጩም ኃይል ያጣል። የሸዋ ባለሙያ ሴት ሰናፍጭን በቀዝቃዛ ውሃ የምትለውሰውና ከድና ጥቂት የምታቆየው፣ ምክንያቱ በሌላ ቋንቋ ባይነገራትም፣ ይህንኑ ስለምታውቅ ነው። የዴሊው ጥብስም የሚጠቀሰው በሰናፍጭ በመሆኑ፣ ሁለቱ ሩቅ ማእድ ቤቶች በአንድ ቅጠል ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሦስተኛው ስልጆ ነው። ስልጆ የጾም ማጥቀሻ ሲሆን፣ ከሱፍ በተጨመቀ ወተት መሳይ ውሃ የባቄላ ዱቄት ተበጥብጦ፣ ተማስሎ ከበሰለና ከቀዘቀዘ በኋላ በተወቀጠ ሰናፍጭ፣ በነጭ ሽንኩርትና በልዩ ልዩ ቅመም ተለውሶ ለጥቂት ቀናት እንዲቦካ ይደረጋል። በሚቦካበት ጊዜ የሚፈጠረው አሲድ መልካም ኮምጣጤነት ይሰጠዋል፤ ከብልሽትም ይጠብቀዋል። ለምእመናን በዓመት 180 ያህል የጾም ቀን ባለበት አገር፣ ከባቄላና ከሱፍ ብቻ እንዲህ ያለ ገንቢ ማጥቀሻ መፍጠር ተራ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ስልጆ ዛሬ በከተማ ገበታ ላይ ከአዋዜ ይልቅ እየራቀ ሄዷል፤ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ በመሆኑ ነው።

ዘይትና መንገድ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ቁራሽን በዘይት አጥልቆ ለመጥበስ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ዘይት በእጅ መገኘት አለበት። በቀድሞው ዘመን ዘይት የሚወጣው ኑጉ ከተቆላና ከተወቀጠ በኋላ ሙቅ ውሃ እየተጨመረበት ሲማሰል፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን በጥንቃቄ በመቅዳት ነበር። በዚህ ዘዴ ብዙ ዘይት በአተላው ውስጥ ይቀራል፤ ድካሙም ብዙ ነው። እንዲህ በጭንቅ የተገኘን ዘይት ለወጥ በጭልፋ መለካት እንጂ በድስት ሙሉ አፍልቶ ቁራሽ ማጥለቅ የማይታሰብ ነበር። ቅቤውም ቢሆን በጾም ቀን አይነካም። ማገዶም በዛፍ አልባው ደጋ ውድ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ከመስፋፋቱ በፊት የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ በአብዛኛው በኩበት ላይ ይተማመን ነበር። ስለዚህ በምጣድ መቁላት የተመረጠው ባለማወቅ ሳይሆን በትክክለኛ ሒሳብ ነው።

ይህን ሒሳብ የለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። ሳምቡሳ ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የተገኘ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በባግዳድ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ቁራሽ ነው። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ንግድ የኖረው ይህ ምግብ ወደ መሐል አገር ለመዝለቅ መጓጓዣ ይፈልግ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከዕቃው ጋር ሰውና ምግብም አብሮ ገባ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሠራ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ላይም ተራራው ተበስቶ ዋሻ ተከፈተ። መንገዱ የተሠራው ለወራሪው ጦር ጥቅም ቢሆንም፣ ከነጻነት በኋላ የሰሜኑን ንግድ ተሸክሞ ኖሯል። የጭነት መኪና ሾፌር ረጅም ገበታ ዘርግቶ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም፤ በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችል፣ ትኩስና ጥጋብ የሚሰጥ ነገር ይፈልጋል። ሻይ ቤቶች፣ ከኢጣልያ የመጣው ቦምቦሊኖና ከባሕር ጠረፍ የመጣው ሳምቡሳ በዚሁ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሳምቡሳም እንደ አገሩ ሆነ፤ በፍስክ ሥጋ፣ በጾም ምስር እየተሞላ ለሁለቱም ወቅት ተስማማ።

ሦስተኛው የከተማ ሠራተኛ መብዛት ነው። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም፣ ኋላም በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ሲጀምሩ፣ በሰዓት የሚገባና የሚወጣ ሰው በዛ። በቅርብ ዓሥርት ዓመታት ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ሲስፋፋ ደግሞ ቁራሽን አጥልቆ መጥበስ የዕለት እንጀራ ማግኛ ለመሆን በቃ። ይህን ሥራ በአብዛኛው የያዙት ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ምድጃና አንድ ድስት ብቻ ያላቸው ሴቶች ናቸው።

የደጋው እሳት

እዚህ ላይ የሥፍራው ተፈጥሮ የሚጥለው ሕግ አለ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በመሆኑም ለጾም ሳምቡሳ የሚሆነው ምስር እዚያ ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜና ማገዶ ይወስዳል፤ የቦምቦሊኖ ሊጥም በብርዱ ምክንያት ኩፍ ለማለት ይዘገያል።

የዘይቱ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ዘይት እንደ ውሃ በአየር ግፊት አይወሰንም፤ እሳቱ እስከ ፈቀደ ድረስ 160፣ 180 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። ነገር ግን በቁራሹ ውስጥ ያለው እርጥበት በ91 ዲግሪ መትነን ስለሚጀምር፣ እርጥበቱ እስኪያልቅ ድረስ ውስጡ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ውጪው ይጠቁራል፤ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ችግር መድኀኒት አለው፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ የዘይቱን ሙቀት በባሕር ጠረፍ ከሚታዘዘው 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግና ቁራሹን ማሳነስ ነው። የዳቦ ቆሎው ጥንታዊ መጠን እዚህም ላይ መልስ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ጉዳይ ቁራሹ የሚጠጣው ዘይት ነው። ቁራሹ በድስቱ ውስጥ ሳለ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከወጣ በኋላ ግን በውስጡ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ በላዩ የቀረውም ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ቁራሹን እንደ ወጣ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ በወንፊት አንጠፍጥፎ ማራገፍ ለበላተኛው ጤናም ለሻጯ ኪስም ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚከፋው የዘይቱ መደጋገም ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ሊኖሌይክ በሚባለው አሲድ የበለጸጉ ናቸው፤ ይህ በቀዝቃዛው ለጤና መልካም ቢሆንም፣ ዘይቱ በከፍተኛ ሙቀት ደጋግሞ ሲፈላ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርገዋል። የፓልም ዘይት ይህን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ግማሽ ያህሉ ግን የሚረጋ ቅባት በመሆኑ ለልብና ለደም ሥር አይመከርም። ዘይቱ ሲጠቁር፣ አረፋ ሲያበዛና በትንሽ እሳት ሲጨስ፣ አገልግሎቱን ጨርሷል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ቀላል ነው። ከባድ የሚሆነው በዘይት ውድነት ዘመን፣ ከዕለት ትርፏ የልጆቿን ምግብ የምትገዛ ሴት ያንን ዘይት እንድትደፋ መጠየቁ ነው።

ስለዚህ ነገሩ የምክር ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያም ነው። ሙቀቱን የሚያሳይ ርካሽ መለኪያ፣ ነበልባሉን ከድስቱ ሥር የሚሰበስብ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ፍርፋሪው በዘይቱ ውስጥ እንዳያር የሚያወጣ ደቃቅ ወንፊት፣ ሲሠራ ቆይቶ የሚከደን ጠባብና ጥልቅ ድስት፤ እነዚህ ሁሉ በአገር ውስጥ ብረታ ብረት ቤቶች ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። የዘይቱን ዕድሜ ያራዝማሉ፤ የተበላሸውንም ለመድፋት የሚያስችል ትርፍ ያስገኛሉ።

ከአንኮበሩ የውሃ ወፍጮ የሚገኘው ትምህርትም በዚህ ላይ ይረዳል። ያ ወፍጮ የወደቀው የድንጋዩና የውሃው ስሌት ስለ ተሳሳተ አልነበረም። በድንጋይ ወፍጮ ላይ የሚንበረከኩት ሴቶች ስለ ማሽኑ ሐሳባቸውን የተጠየቁበት ወሬ በታሪክ አይገኝም፤ የተሰማው የአውጋዦቹ ድምፅ ብቻ ነው። ዛሬ በደብረ ብርሃን መንገድ ዳር በድስቷ ፊት የቆመችውን ሴት የሚረዳ መሣሪያ የሚነድፍ ባለሙያም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእርሷን እጅ ሥራ ማየት፣ ዘይቷን መለካትና ስለ ምድጃዋ መጠየቅ ይገባዋል። ሊጡን በሽንብራ ልክ የቈረጡት፣ ሰናፍጩን በቀዝቃዛ ውሃ የለወሱት፣ ስልጆውን ያቦኩት የእርሷ እናቶች ናቸው። ይህ እውቀት ሳይጠፋ በጽሑፍ እንዲሰፍርና በልክ እንዲመዘን ማድረግ፣ ድልድይና ግድብ ከመሥራት ጎን ለጎን፣ የሙያው ግዴታ ሆኖ ሊቆጠር ይገባል።